«የሕዝብ ነው» ያሉት ዘፈኔ

ባለፈው ሰሞን ለገበር የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ሞጣ ሄጄ ነበር። ቢቸና ጨርቅ ጠፍቶ አይደለም፤ ዐመል ሆኖብኝ ነው። ከአያ ሰይድ ሱቅ ያልተገዛ ጨርቅ መቀሴ አይቆርጥልኝም። አያ ሰይድ ካለፉ ቆይተዋል፤ ሱቁን አሁን የያዘችው ልጃቸው ከድጃ ናት። የጥንቱ የባሕር ዛፍ መደርደሪያ በመስታወት ተለውጧል፤ ግማሹንም የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ወርሶታል። «እትዬ ጥሩዬ፣ አቡጀዲ ገብቷል፤ ጓዳ ይግቡና ይምረጡ» አለችኝ። ገባሁና አንዱን ጣቃ ሳብ ሳደርገው ያ ሽታ መጣ። አዲስ አቡጀዲ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሙጫ ሙጫ፣ ትንሽ ናፍጣ፣ ትንሽ እርጥብ ካርቶን የሚል። ሳላስበው ጣቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከድጃ ደንግጣ ውሃ ይዛ መጣች።

«አመመዎት እንዴ?»

«አላመመኝም። ካሴቴን የቀዳሁት እዚህ ጓዳ ውስጥ ነው፤ እሱ ትዝ ብሎኝ ነው።»

«የምን ካሴት?»

አባቷ አልነገሯትም። ወይም ነግረዋት ረስታዋለች፤ ልጅ የወላጁን ወሬ በአንዱ ጆሮ ሰምቶ በሌላው ነው የሚያፈሰው። እዚያው ጣቃው ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ደንበኛ መጣ፣ ደንበኛ ሄደ፣ እኔ አላቆምኩም። እዚህ የማሰፍረው ያን ቀን ያልኳትን ነው፤ ስላቻኮለችኝ የዘለልኩትንም ጨምሬ።

ያን ጊዜ በረንዳዬ ቢቸና ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ማዕዘን ላይ ነበር። ፊት ለፊቴ የእትዬ እማዋይሽ ሻይ ቤት፣ ከጀርባዬ ወፍጮ ቤት። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ ስሙኒ ያለው ሰው ዳቦ ጨምሮ፣ እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል። ወንዱ ሱሪው ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል ካልሰፋ ሰው የሆነ አይመስለውም፤ የቢቸናን አቧራ ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ የጠረገው እኔ የሰፋሁት ሱሪ ነው። የሴቷ ምኞት ወገቡ ሽብሽብ ያለ የቴትሮን ቀሚስና የኮንጎ ጫማ ነበር። ዛሬ ሁሉም ሰልባጅ ይጎትታል፤ ለሌላ ሰው ተለክቶ፣ ከሌላ ሰው ገላ የወለቀ። ያን ጊዜ ልብስ የሰፊው ስም ነበረው። «የጥሩዓለም ስፌት ነው» ሲባል የለበሰው ሰው ደረቱን ይነፋ ነበር።

ስፌት ያስተማሩኝ አያ ሰይድ ናቸው። የሞጣ ሰው ናቸው፤ ጥቂት ዓመት ቢቸና ሱቅ ከፍተው በነበረ ጊዜ ነው ያገኘኋቸው። እኔ ተድሬ፣ ፈትቼ፣ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝም በይ ይለኝ ነበር እንጂ። እኔ ደግሞ ሁሉን እችላለሁ፣ ዝምታ አልተሰጠኝም። ሰዎች አያ ሰይድን «ሴት መኪና ላይ ስትቀመጥ እግሯ ይታያል» ቢሏቸው «እግሯ ካልሠራ መኪናው በምን ይሄዳል?» አሏቸው። ወደ ሞጣ ሲመለሱ አሮጌዋን የእግር መኪና ለእኔ ትተዋት ሄዱ።

ግጥም ያስተማረችኝ ያቺ መኪና ናት ብል አልዋሸሁም። እግሬ ፔዳሏን ሲመታ አፌ ቤት ይመታል። ሙሽሮች ቀሚስ ሊለኩ ይመጣሉ፤ ሚዜዎች «ለሰርጉ አንድ ስንኝ ጣል አርጊልን» ይላሉ፤ እኔም ቀሚሱን ለክቼ፣ ስንኙን መርቄ እሰዳቸዋለሁ። ግን ከመኪናዋ በፊት አባቴ ነበሩ። ደብረ ወርቅ የተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ ቢቸና ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ወንዶቹ ተማሪዎች ፊታቸው፣ እኔ ከበሩ ኋላ። ሰምና ወርቁን የለቀምኩት ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። እንደምሰማ ያውቁ ነበር። አንዳንዴ ለኔ ብለው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ እንደነበር የገባኝ ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

ማንጠግቦሽ ታናሽ እህቴ ናት። ስትስቅ ከወፍጮ ቤቱ ድምፅ በላይ ትሰማ ነበር። የተማሪ ቤት ልብሷን፣ ሰማያዊ ፖፕሊን፣ በየዓመቱ ጫፉን እየተረተርኩ አስረዝምላት ነበር፤ እሷም አድጌብሽ እያለች ትስቃለች። ከወደ የጁቤ፣ ከዓባይ አፋፍ፣ የናጠጠ ገበሬ ለልጁ ጠየቃት። «ትምህርቷን አናቋርጥባትም፤ እኛው እናስተምራታለን» ብሎ ማለ። አባቴ አመኑት። እኔ አላመንኩም።

«እርስዎ ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው፣ የዚህን ሰው ሰሙን ሰምተው ወርቁን እንዴት አጡት?» አልኳቸው።

«አንቺ ፈት ነሽ። ስለ ትዳር አፍሽን አትክፈቺ» አሉኝ።

የሙሽርነት ልብሷን እኔው ሰፋሁት። መርፌው እየወጋኝ፣ እንባዬ ጨርቁን እንዳያበላሽ አንገቴን ወደ ጎን እያዘነበልኩ። ለሰርጓም ዜማውን ከነግጥሙ አድርጌ አንድ ዘፈን አወጣሁላት። ጓደኞቿ ዳሱ ውስጥ ዘፈኑት፦

መሀል አገር ሳለ ሰው የሞላበት፣
ዳር ላይ ዳሩሽ አሉ ዓባይ ካለበት፤
ማንጠግቦሽ ማንጠግቦሽ።

ዓባይ ወንዝ ነው፤ አባይ ደግሞ ምሎ የሚክድ ሰው ነው። የተዘፈነው የሙሽራው አባት ፊት ነው። እሱም አብሮ አጨበጨበ።

ሰውየው ተማሪ ቤት አላስገባትም። ብዙም ሳትቆይ ምጥ ያዛት፤ ዳገቱን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲያወጧት መንገድ ላይ ቀረች። ሬሳዋን እናቷ አጠገብ ይቀበር ብለን አመጣነው፤ ለቀብር የተነሣችውም ከአባቴ ቤት ነው። በልቅሶው ቀን ዘፈኑ ራሱ ሌላ ስንኝ ወለደ፦

እልል ብለው ወስደው በበቅሎ ኮርቻ፣
ዝም ብለው መለሱሽ በትከሻ ብቻ፤
ማንጠግቦሽ ማንጠግቦሽ።

ከዚያ በኋላ ዘፈኑን ለማንም አልሰጠሁም፤ መኪናዬ ላይ ብቻዬን ስሆን አንጎራጉረው ነበር። ግን ማንጠግቦሽ ስትዳር ሰርጉን ያደመቀው ይበልጣል የሚባል የኛው አገር ዘፋኝ ነበር። ድምፁ ማር ነው። ስንኝ ግን አልፈጠረበትም፤ ሰርግ በያዘ ቁጥር በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ «እታለም፣ ጣል አርጊልኝ» ይለኛል፣ እኔም ጣል አደርግለታለሁ። ከልቤ ነው የሰጠሁት፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም። በኋላ አዲስ አበባ ገባና ታወቀ። ደስ አለኝ፤ የራሴ ወንድም የታወቀ ያህል።

አንድ የገበያ ቀን መኪናዬ ላይ ሆኜ የእትዬ እማዋይሽ ቴፕ ይሰማኛል። ዜማው የኔ ነው። እግሬ ቆመ። ይበልጣል ነው፤ ከኋላው ኪቦርድ ይንጫጫል፣ ጭብጨባ ይርመሰመሳል። «ዳር ላይ ዳሩሽ አሉ ጠላት ካለበት» ይላል። ዓባይን አውጥቶ ጠላት አስገባበት! ቆየት ብሎ ደግሞ «አለሚቱ አለሚቱ» አለ። እህቴን አለሚቱ አደረጋት። የእህቴን መለያየት የአንድ ጎረምሳ ፍቅር አደረገው። መለኪያ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንዳለ መንገዱን አቋርጬ ገባሁ። የካሴቱን ሽፋን አሳዩኝ። የይበልጣል ፎቶ አለ፣ ነጭ ኮት፣ ጥቁር መነጽር። ከሥሩ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል።

«እትዬ እማዋይሽ፣ ሕዝብ ማነው?» አልኳቸው።

«ሕዝብማ እኛው ነን፣ ሌላ ማን አለ?»

«እርስዎ ነዎት ይህን የገጠሙት?»

«ኧረ እኔ! ምን አውቄ!»

ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ነጋዴ ዞርኩ። «አንተስ?» ራሱን ነቀነቀ። ሻይ የሚያቀርበውንም፣ ዳቦ የሚበላውንም እያዞርኩ ጠየቅሁ። ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም እኔ አይደለሁም አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሕዝብ የሚባል ጠፋ።

ይበልጣል ለበዓል አገሩ ሲመጣ በረንዳዬ ድረስ መጣ፤ መቆጣቴን ሰምቷል። ኮቱ እንደ ፎቶው ነጭ ነው፤ የቢቸና አቧራ እንዳይነካው ወንበሩን በመሐረብ ጠርጎ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ተቀየምሽኝ አሉ።»

«ማንጠግቦሽን የት አደረግሃት?»

«ስሙ ረዘመብን። ባለ ኪቦርዱ ለምቱ አይመችም አለ።»

«ዓባይስ?»

«እዚያ ላለው ሰው አይገባውም ተባለ። የአገር ቤት ዘፈን እኮ የማንም ነው፣ እታለም። ደግሞም ላንቺ ብዬ ነው። የመሪጌታ ልጅ ስሟ ካሴት ላይ ቢወጣ ምን ይባላል? እኔ እኮ ሸፈንኩሽ።»

«መች በረደኝ አልኩህ?»

መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑ ያው የድሮው ነው፣ የልጅ ዓይን። «ታዲያ ምን ይደረግ?» አለ።

«እኔው እዘፍነዋለሁ። ሞጣ ሄጄ ካሴት እቀዳዋለሁ።»

ሳቀ። ለክፋት አይደለም፤ እየቀለድኩ መስሎት ነው። «በዚህ ድምፅሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ድምፄ ሻካራ ነው፣ እንዳልታሸ ቆዳ። ያኔም እንዲያ ነበር፣ ዛሬም እንዲያ ነው። ይሁን እንጂ የሰው ድምፅ ተውሼ አላውቅም።

ወሬው ከኔ ቀድሞ አባቴ ቤት ደረሰ። ስገባ ዳዊታቸውን አጥፈው ይጠብቁኛል።

«ሞጣ ሄደሽ ልትዘፍኚ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ከዚህ ቤት አዝማሪ አልወጣም!»

«ከዚህ ቤት ሬሳ ወጥቷል፣ አባቴ። አዝማሪ ቢወጣ ምን ይጎዳል?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ያንን ቃል መልሼ መዋጥ ብችል እንኳ አልውጠውም ነበር። ዳዊታቸውን መልሰው ገለጡና «ስሜን እዚያ ላይ እንዳላየው» አሉ። «አያዩትም» አልኳቸው። ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ለአውቶብስ የለበስኩት ጥሩ ልብሴን ነው፤ ራሴ የሰፋሁትን ቡና ዓይነት ቀሚስ፣ ነጠላዬ ጥለቱ ቀይ። ተሸፋፍኜ የምሄድ መስሏቸው ከነበረ ተሳስተዋል። ደብረ ወርቅ ላይ አውቶብሱ ሲቆም ከአባቴ ጋር የተማሩ አንድ ቄስ ተሳፈሩና አጠገቤ ተቀመጡ። መስቀል ተሳለምኩ።

«የመሪጌታ ልጅ አይደለሽም? ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ሞጣ። ልዘፍን።»

በትክክል ያልሰሙ መሰላቸው። «ምን ልትገዢ?»

«ልዘፍን ነው አባ። ካሴት ልቀዳ።»

አውቶብሱ በሙሉ ዞረ። ቄሱ ነጠላቸውን ሰበሰቡና ኋላ ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ እስከ ሞጣ ድረስ ሰፋ ብዬ ተቀምጬ ሄድኩ።

ሞጣ ውስጥ ተፈራ የሚባል ባለ ሙዚቃ ቤት ነበር። በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ መንገደኛውን ያስጨፍራል፤ ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል ካሴት ነው። በጓዳው መቅጃ ነበረው፤ የሰርግ ዘፋኞችን ይቀዳ ነበር። ቆሜ አንድ ስንኝ አሰማሁት። ክንዱን አጣምሮ ሰማኝ።

«ግጥሙ ወርቅ ነው» አለኝ። «ድምፅሽ ግን የዘፋኝ አይደለም፤ የአልቃሽ ነው።»

«ዘፈኑም የልቅሶ ነው።»

«ሰው በገንዘቡ ልቅሶ አይገዛም፣ እህቴ።»

«የሞተበት ይገዛል። እዚህ አገር ያልሞተበት ካለ ጥራልኝና አሳየኝ።»

ራሱን አከከ። ከዚያ ከኪነት ቡድኑ አንዲት ልጅ አለች አለኝ፤ ጉሮሮዋ እንደ ዋሽንት ነው። «እሷ ትዝፈነው፤ ያንቺን ስም በትልቁ ግጥምና ዜማ ብዬ እጽፋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» እዚህ ላይ ተፈተንኩ፤ አልዋሽም። ከቢቸና ስነሣ ይህን ብቻ ቢሰጡኝ ይበቃኝ የነበረ ይመስለኛል። ግን ያቺ ልጅ «ማንጠግቦሽ» ስትል ታየኝ። አሳምራ ትለዋለች፤ ማንን እንደምትጠራ ግን አታውቅም። እህቴን የምጠራት እኔ ነኝ። «አይሆንም» አልኩት።

ያን ጊዜ አያ ሰይድ ከማዶ ሱቃቸው ጭቅጭቁን ሰምተው መጡ፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ።

«ተፈራ፣ ልጅቷን አውቃታለሁ» አሉት። «አንዴ መቀሱን ካስገባች አትመለስም። ቅዳላት።»

«የት ልቅዳ፣ አያ ሰይድ? መንገዱ ሁሉ የስፌት መኪና ነው፤ ጓዳዬ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፣ እንደ በርሜል ያስተጋባል።»

«የኔ መጋዘን አለ። ጨርቅ ድምፅ ይበላል። ለአርብ አድርጉት፤ የሰፊው ሠፈር ሁሉ ለጁምዓ ሲሄድ መኪናው ጸጥ ይላል።»

ማሲንቆ የሚመታልኝን ያገኙልኝም እሳቸው ናቸው፤ አያ ጫኔ የሚባሉ፣ ከአባት ከአያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጡ አዝማሪ። ክሩን እያጠበቁ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አዝማሪ ተብለሽ ስትሰደቢ ትችይዋለሽ?»

«ስድብ ነው እንዴ?»

«እኔ በዚህ ስም ልጆች አሳድጌበታለሁ።»

«እንግዲያው ይቃኙልኝ።»

አርብ ቀትር ላይ የመኪናው ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋ። አያ ሰይድ ቁልፉን ለተፈራ ሰጥተው ወደ መስጊድ ሄዱ። እኛ እዚህ ጓዳ ገባን፤ ዙሪያው እስከ ጣሪያ የተከመረ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ብርድ ልብስ። ገና አፌን ስከፍት ተፈራ አስቆመኝ። «እግርሽ!» አለ። እግሬ ለካ ፔዳል እየመታ ነው። ላቆመው ሞከርኩ፤ እግሬ ሲቆም ዘፈኑም ይቆማል። በመጨረሻ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ሥሩ አስገቡልኝና እሱን እየመታሁ ዘፈንኩ። ካሴቱን በደንብ ያዳመጠ ሰው ከማሲንቆው ሥር ድም፣ ድም የሚል ነገር ይሰማል፤ ከበሮ መስሏቸው የጠየቁኝ አሉ። የእህቴ ስም ጋ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። ተፈራ ሊያጠፋው ሲል አያ ጫኔ መምቻቸውን ሳያቆሙ በዓይናቸው ገሠጹት። «ይቀዳ» አሉ በኋላ፤ «ያልተሰበረ ድምፅ ሞልቶልሃል።» ስንጨርስ ከመንገዱ ማዶ የመጀመሪያዋ የስፌት መኪና ተነሣች፤ እሷም ካሴቱ መጨረሻ ላይ አለች። ሽፋኑ ላይ የአባቴን ስም አላስገባሁም። «ጥሩዓለም፣ የማንጠግቦሽ እህት። ግጥም፣ ዜማና ድምፅ የራሷ» አስባልኩ።

አዲስ አበባ አልደረሰም፤ እኔም አልላክሁትም። ሾፌሮች ወሰዱት፤ በደብረ ወርቅ፣ በየጥኖራ ገበያ፣ በየጁቤ ተሰማ። የጁቤ ላይ አንድ ደብተራ ለዚያ ለሙሽራው አባት «ዓባይ» የተባለው ማን እንደሆነ ፈትቶ ነገረው አሉ። ሰውየው ነደደ፤ ስንኙ ይውጣልኝ ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። ሽማግሌዎቹን አስቀምጬ በደንብ አስተናገድኩና «ያልኩት ወንዙን ነው በሉልኝ፤ ወንዙ ከተቀየመ ራሴ ወርጄ እታረቀዋለሁ» አልኳቸው። ከመሀላቸው አንዱ ሳቁን ለመደበቅ ሲያስል ትዝ ይለኛል። ቢቸና ውስጥም ፊት ያዞሩብኝ ነበሩ። «ልብሴን አዝማሪ አይሰፋውም» ብለው ጨርቃቸውን መልሰው የወሰዱ ነበሩ። ጥምቀት ሲደርስ ጨርቁን በዘንቢል ደብቀው መለሱት፤ እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ለካኋቸው፣ እየዘፈንኩ።

ከፋሲካ በኋላ ቢቸና ውስጥ ትልቅ ሰርግ ሆነ፤ ይበልጣልን ከአዲስ አበባ አስመጡት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ዳሱ ጥግ ነኝ። ሰው ያንን ዘፈን አምጣ አለው፣ ጀመረ። «ጠላት ካለበት» ሲል ሴቶቹ «ዓባይ ካለበት» አሉ። ያልሰማ መስሎ ቀጠለ። «አለሚቱ» ሊል አፉን ሲከፍት ዳሱ በሙሉ «ማንጠግቦሽ!» አለ፤ ሴቱም ወንዱም፣ ወጥ የምታወጣዋም ጭልፋዋን ይዛ። ይበልጣል መምቻውን ከማሲንቆው ላይ አነሣ። ከሩቅ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ሕዝቡ ይኸውልህ!» አልኩት ጮክ ብዬ። ቅኝቱን ዝቅ አደረገና «ማንጠግቦሽ» ብሎ ከመጀመሪያው ዘፈነው። ያ የማር ድምፁ እህቴን ሲጠራት እኔም አለቀስኩ፤ መካድ አይገባኝም። በማግስቱ ኮቱን ትቶ በሹራብ በረንዳዬ መጣ።

«አዲስ ስንኝ ጣል አርጊልኝ።»

«ስሜን ትጽፋለህ?»

«እጽፋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ተቀመጥ።»

ዛሬ ካሴት የለም። ልጆቹ ዘፈኑን በስልካቸው ይዘውት ይዞራሉ፣ ያፈጥኑታል፣ ምት ይጨምሩበታል። የሚጨምሩት አያስከፋኝም፤ ስሟን ከነኩ ግን መንገድ ላይ አስቁሜ አናግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ደጋግሜ ቀድቻለሁ፤ በሻካራው ድምፄ። «እትዬ፣ አሁንስ አይበቃዎትም?» የሚሉኝ አሉ። እነሱ ይብቃቸው።

ለከድጃ ያልነገርኳት የኋላውን የአባቴን ነገር ነው። ካሴቱ ከወጣም በኋላ ምሳቸውን እኔ ዘንድ ይበሉ ነበር፣ ስለ ዘፈኑ ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ጎረቤት ቴፕ ሲከፍት ተነሥተው ይሄዱ ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ዓይናቸው ደከመ፣ ተማሪዎቹ ተበተኑ። አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ በረንዳዬ፣ መኪናዬ አጠገብ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ የሰው ኮት እሰፋለሁ።

«ያቺ ግጥምሽ ጎደሎ ናት» አሉ በድንገት።

«የትኛዋ?»

ሁለቱንም ስንኝ፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ፣ አሉልኝ። እጄ ጨርቁ ላይ ቀረ።

«ዳር ላይ ዳሩሽ አሉ ትያለሽ» አሉ። «ማን ዳራት? ግሱ አለ፣ ባለቤቱ የለም። ተማሪ እንዲህ አድርጎ ቢያመጣልኝ መቋሚያ አነሣበት ነበር።»

«ባለቤቱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፣ አባቴ።»

«አውቃለሁ። አዝነሽልኝ ነው። አትዘኝልኝ።» መቋሚያቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። «እኔ ነኝ የዳርኳት። ዳርኩሽ በይው። በኔ አፍ አድርገሽ ዝፈኚው።»

ይህን ቃል ስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ። ሲመጣ ግን እሺ አላልኩም።

«የኔ እንደወጣ ይኖራል» አልኳቸው። «የእርስዎን እርስዎ ይበሉት።»

መንገዱ በገበያተኛ ሞልቷል፤ እህል የጫነ አህያ፣ በግ የሚጎትት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ቄሶች። አባቴ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አጸኑና ቆሙ። እኔ ባወጣሁት ዜማ፣ በዚያ በመሪጌታ ድምፃቸው፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ፦

መሀል አገር ሳለ ሰው የሞላበት፣
ዳር ላይ ዳርኩሽ ልጄ ዓባይ ካለበት፤

ሰው ቆመ። ቄሶቹም ቆሙ። «መሪጌታ፣ ምን ነካዎት?» ያለ ነበር፤ ዞረው እንኳ አላዩትም። ስሟ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አጠረና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ተቀበይኝ» አሉ።

ተነሥቼ ተቀበልኳቸው።